ከጠመንጃው በቀር ሁሉ ያለው አዳኝ

ምሥጋናው አዳኝ ለመሆን የቆረጠው በመስቀል ዕለት፣ አማቱ ባሻ አራጋው በሰው ፊት ካሳቁበት በኋላ ነው።

ባሻ አራጋው በላሊበላ ከተማ በነብር ገዳይነት የሚታወቁ ሰው ናቸው። ከመደባቸው በላይ ግድግዳው ላይ የነብር ቆዳ ተዘርግቷል፤ ከጎኑ አንድ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ተሰቅሏል። በየበዓሉ እንግዳው ጠግቦ ጠላው ሲደጋገም ባሻ ያንን ነብር እንደገና ይገድሉታል። ነብሩም ከዓመት ዓመት ያድጋል። መጀመሪያ ሲያወሩት ፍየል ያክል የነበረው፣ በዚያ ዓመት ወይፈን ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው።

ምሥጋናው ደግሞ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚያስገባው መንገድ ዳር ለቱሪስት መስቀልና ነጠላ የሚሸጥ፣ ረጋ ያለ፣ ሆዱ ትንሽ ገፋ ያለ ሰው ነው። ጊዜው ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ስለነበር ቱሪስቱም አልጠፋም፤ ኑሮውም ደህና ነበር። የጎደለው ክብር ብቻ ነው።

«ልጄን ለማን እንደዳርኩ ታውቃላችሁ?» አሉ ባሻ በዚያ ቀን፣ ቢላቸውን ወደ አማቻቸው ቀስረው። «ቆቅ እንኳ ገድሎ ለማያውቅ! ቆቅስ ይቅር፤ ዶሮ ሲያርድ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።»

ቤት ሙሉ እንግዳ ሳቀ። ምሥጋናውም አብሮ ሳቀ። የዶሮውን ነገር ማን እንዳወራ ያውቃል። ሚስቱ ትሕትና ጥግ ላይ ጠላ እየቀዳች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችውም።

በማግስቱ ትሕትና በስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ሳለ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«አዳኝ ልሆን ነው» አለ።

«ምን ልታድን?»

ምሥጋናው ይህን አላሰበበትም። «እሱ ኋላ ይታያል» አለ። «መጀመሪያ ዕቃው ይሟላ።»

ይህን ያለው ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም። አዳሩን በስልኩ የፈረንጅ አዳኞችን ቪዲዮ ሲያይ ነበር። የሚሉት ነገር ብዙም አልገባውም፤ አንድ ነገር ግን በደንብ ገብቶታል። ሰውዬው ሸራ ያነጥፋል፤ ሸራው ላይ ዕቃውን ይደረድራል፤ እያንዳንዱን እያነሣ ያወራል፤ ከዚያ ቪዲዮው ያልቃል። እንስሳ የሚባል ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቅ አይልም። ይህ አደን ለምሥጋናው ተስማማው።

ቅዳሜ ገበያ ወጣና በቀጥታ ወደ በድሩ ሄደ። በድሩ ከወልድያ በኩል የሚመጣ የሰልባጅ ነጋዴ ነው። ተራራ ሊወጡ የመጡ ፈረንጆች ለአስጎብኚዎች ትተውት የሚሄዱትንም ዕቃ እየሰበሰበ ይሸጣል።

«ለአደን የሚሆን ነገር አውጣልኝ» አለው ምሥጋናው።

«ጠመንጃ አለህ?»

«እሱ መጨረሻ ነው።»

በድሩ የያዘውን ሱሪ አስቀመጠ። «ወላሂ እኔ ልብስ ነጋዴ ነኝ፤ አደን አላውቅም። ግን ጠመንጃው የሚቀድም ይመስለኝ ነበር።»

«እሱ የድሮ አደን ነው። የአሁኑ አደን ዝግጅት ነው።»

«እንግዲያው አብሽር፤ ዝግጅት ሞልቷል» አለና በድሩ ክምሩን መገልበጥ ጀመረ።

መጀመሪያ የወጣው አረንጓዴ ዝንጉርጉር ጃኬት ነው። የሰፉት ሰዎች ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ለሚደበቅ ወታደር ብለው ነው የሰፉት። የላስታ ተራራ ግን በጥቅምት ቢጫ ሣርና ግራጫ ድንጋይ ነውና፣ ምሥጋናው ሲለብሰው ከማዶ ተራራ የሚለይ ብቸኛ ጎመን መሰለ። ቀጥሎ ቦት ጫማ መጣ፤ ሲሞክረው እግሩ ውስጡ ዋኘ። «በካልሲ ይስተካከላል» አለ ራሱ ምሥጋናው፣ በድሩ ምንም ሳይል። ከዚያ በአንድ ዓይን ብቻ የሚያሳይ የሩቅ መነጽር፣ ጠርሙስ መክፈቻው እንጂ ስለቱ የማይወጣ ሰንጢ፣ ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ፣ ፔርሙዝ፣ ገመድ፣ ሰሜንን የሚያሳይ ኮምፓስ።

«ሰሜን ጠፍቶህ ያውቃል?» አለ በድሩ።

«ለክፉ ቀን ነው።»

ግንባር ላይ የሚታሰረውን ባትሪ ሲያነሣ በድሩ አላስቻለውም። «ማታ ነው እንዴ የምታድነው?»

«ማታማ ቤቴ ነኝ።»

«ታዲያ ይኼ?»

«ሁሉም አዳኝ አለው።»

በድሩ ከዚህ በኋላ መጠየቁን ተወ። የላባ መኝታ ከረጢት አወጣ፤ ተጣጣፊ ወንበርም አወጣና «ዝንጀሮም መጀመሪያ መቀመጫዬን ብላለች» ብሎ ሳቀ። ምሥጋናው ቀልዱን እንደ ባለሙያ ምክር ቆጥሮ ወንበሩንም ጨመረ። ለመሸከም አልቻለም፤ በባጃጅ ጭኖ ገባ።

ትሕትና በሩ ላይ ቆማ ዕቃው ሲወርድ አየች። «ወዴት ልትሰደድ ነው?» አለችው።

ምሥጋናው ግን ልቡ ሞልቷል። በሳምንቱ አንድ አስጎብኚ ጓደኛውን ይዞ ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ወጣና ፎቶ ተነሣ። አንድ እግሩን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ፣ መነጽሩን በማያሳየው በኩል ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ ወደ ሩቅ እየተመለከተ። ፌስቡኩ ላይ ለጠፈውና ከሥሩ «ተራራ የወንድ ቤት ነው» ብሎ ጻፈ።

ከዚያማ ወሬው በረረ። «ጀግና!» አለ አንዱ። «የባሻ አራጋው አማች መሆንህ ያስታውቃል» አለ ሌላው። «ስንት ጣልክ?» ብሎ የጠየቀም ነበር፤ ለሱ ምሥጋናው «እንገናኝ እንጫወታለን» ብሎ መለሰ። ውሸት አልተናገረም፤ እውነትም አልተናገረም። ፀጉር አስተካካዩ ወረፋ አስቀደመው። ምግብ ቤት ሲገባ «አዳኙ መጣ» እያሉ ቦታ ይለቁለታል። እሱም አካሄዱን ለወጠ። እንደ ነብር ቀስ ብሎ የሚራመድ የመሰላቸው ነበሩ፤ ጫማው እየወለቀበት ነው።

ባሻ አራጋው ፎቶውን በጎረቤት ስልክ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። «ልብስ ነብር አይገድልም» አሉና ስልኩን መለሱ። በዚያ ቀን ግን የነብራቸውን ታሪክ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ጥቅምት ሲጋመስ አንድ ገበሬ ምሥጋናው ሱቅ ደጃፍ ላይ መጥቶ ቆመ። የኔሰው ይባላል፤ እርሻው ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ማዶ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ።

«አዳኙ ጋሼ ምሥጋናው እርስዎ ነዎት?»

ምሥጋናው ደረቱን ነፋ። «ነኝ።»

«እግዜር ያክብርልኝ። ዝንጀሮ ፈጀን። ገብሱ ሊደርስ ነው ስንል ከገደል እየወጣ ይገሸልጠዋል። ወንጭፉን ለምዶታል፤ ሴት ከሆነች ጠባቂዋ ጭራሽ አይፈራትም። አንድ ሁለቴ ጥይት ቢጮህበት አገር ይለቅ ነበር። የተሟላ አዳኝ ከተማ ውስጥ አለ ሲሉኝ ነው የመጣሁ።»

«ዝንጀሮ?» አለ ምሥጋናው። «እኔ እኮ በብዛት ትልልቅ አውሬ ላይ ነው።»

«ትልልቅም አለበት። አውራው ጥጃ ያክላል።»

«ጠመንጃዬም ገና አልደረሰልኝም።»

«እሱን አስቤበታለሁ» አለ የኔሰው ፊቱ በርቶ። «አማትዎ ባሻ ነብር የገደሉበት ምንሽር አለ አይደል? አሁን ከሳቸው ዘንድ እንሂድ።»

ምሥጋናው በልቡ ባሻ እንደማይሰጡ ያውቃልና ደስ እያለው ተከተለው። እሱ ፈቃደኛ ሆኖ እሳቸው ሲከለክሉ ሊታይ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል? እውነትም ባሻ ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህ ጠመንጃ ነብር ነው የለመደ» አሉ። «ለዝንጀሮ አይወጣም።»

«ባሻ፣ የልጆቼ ቀለብ ነው የሚበላው» አለ የኔሰው። «እርስዎ ያሉበት አገር ዝንጀሮ ሲፈነጭበት ሰው ምን ይላል?»

ግቢው ውስጥ ጎረቤቶች ነበሩ። ሁሉም ወደ ባሻ ዞሩ። ባሻ አራጋው ግራና ቀኝ አዩ፤ ወደ ሰማይም አዩ፤ ከየትም በኩል መውጫ አልነበረም።

«እንግዲያው ጠመንጃው ከእጄ አይለይም» አሉ በመጨረሻ። «እኔም አብሬ እወርዳለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ሁለቱም ሳይፈልጉ አዳኝ ሆኑ።

በቀጠሮው ጠዋት ምሥጋናው ዕቃውን በአህያ ጭኖ ከከተማ ወጣ። ባሻ ጠመንጃቸውን አንግተው ከፊት ይሄዳሉ፤ አረንጓዴው ሰው ጫማውን እየጎተተ ይከተላል፤ አህያዋ ወንበርና ከረጢት ተሸክማ ከኋላ ትመጣለች። በመንገድ ያገኟቸው ሰዎች ቤት የሚለቅ ሰው መስሏቸው «በሰላም ያግባችሁ» እያሉ መረቋቸው።

የኔሰው መንደር ሲደርሱ ሰው ወጥቶ ተቀበላቸው። ሴቶች የያዙትን ወንጭፍ መሬት ላይ አኖሩ፤ አዳኝ መጥቷላ! ምሥጋናው ግን ወደ ገብሱ አልተጣደፈም። ከማሳው ዳር ሸራውን አነጠፈና ልክ በቪዲዮ እንዳየው ዕቃውን አንድ ባንድ ይደረድር ጀመር። ትሕትና የቋጠረችለትን ድፎ ዳቦና ቆሎም አውጥቶ አኖረ። ወንበሩን ዘረጋ፤ ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ ፀሐዩ ዓይኑን ሲወጋው ወንበሩን አዙሮ እንደገና ተቀመጠ። ኮምፓሱን አውጥቶ ሰሜን በቦታው መኖሩን አረጋገጠ።

«ይኸ ሁሉ ለዝንጀሮ ነው?» አለች አንዲት ሴት ቀስ ብላ።

«ዝም በይ፣ ሙያ ነው» አላት የኔሰው።

ዝንጀሮዎቹም ከገደሉ ጫፍ ተደርድረው ያያሉ። ሰው ሲያባርራቸው እንጂ ግብዣ ሲያሰናዳላቸው አይተው አያውቁም። ጥቂት ቆይተው መውረድ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ጎረምሶቹ፣ ቀጥሎ ግልገል ያዘሉት፣ ከሁሉ ኋላ ጋማው እንደ ካባ የተንዠረገገ አውራው።

«ባሻ፣ ጠመንጃውን ይስጡኝ» አለ ምሥጋናው።

«ገና ነው፤ ይጠጉ።»

መንጋው ገብሱ ውስጥ ገባ። ዛላው ሲቀነጠስ ይሰማል።

«ባሻ!»

«ገና ነው አልኩህ። አደን ትዕግሥት ነው።»

«ኧረ ባሻ፣ በላሊበላው!» አለ የኔሰው ከኋላ ሆኖ። «ከዚህ በላይ ከጠጉማ እጅ ሊነሱን ነው!»

ምሥጋናው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አማቱን ተዳፈረ። ጠመንጃውን ከእጃቸው ነጥቆ አቀባበለ፤ ወደ አውራው አነጣጠረ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ፊቱን ወደ ጎን አዞረና ምላጩን ሳበ።

«ቀጭ» አለ ጠመንጃው።

እንደገና አቀባብሎ ሳበ። «ቀጭ።»

አውራው ከገብሱ ውስጥ ቀና አለ። ሰውዬውን አየው፤ ጠመንጃውን አየው፤ ከዚያ ዓይኑ ሸራው ላይ ካለው ድፎ ዳቦ ላይ አረፈ። በዝግታ፣ ማንንም ሳይፈራ፣ የራሱ ቤት እንደሚገባ ሰው መጣ። መንጋው ተከተለው።

ባሻ አራጋው ቀድመው ሮጡ። ዕድሜያቸውን የሚያውቅ ሰው ያን ሩጫ ቢነግሩት አያምንም። ምሥጋናው ጠመንጃውን እንዳቀፈ ተከተላቸው፤ አንደኛው ጫማው መንገድ ላይ ቀረ። ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ወድቀው ሲያጮልቁ ሸራው ላይ የቀረ የሰው ንብረት አልነበረም። አውራው ዳቦውን በብብቱ ይዟል። ጎረምሶቹ ፔርሙዙን ወደ ገደል አንከባለሉት፤ መነጽሩን አንዱ በጥርሱ ሞከረው። ሁለት ዝንጀሮዎች የመኝታ ከረጢቱን ከዚህና ከዚያ ይዘው ሲጓተቱ ለሁለት ተቀደደና ነጭ ላባ ወጣ። ነፋሱ አንሥቶ ገብሱ ላይ በተነው። ማሳው በረዶ የጣለበት መሰለ።

የመንደሩ ሴቶች የጣሉትን ወንጭፍ አነሡ። ቆርቆሮ እየደበደቡ፣ ድንጋይ እያወረዱ፣ ዝንጀሮውንም አዳኙንም ባንድ አፍ እየረገሙ መንጋውን ወደ ገደሉ መለሱት። ወንበሩም አብሮ ወረደ።

ከቋጥኙ ጀርባ ምሥጋናው ትንፋሹን ሰብስቦ ጠመንጃውን ፈታ። ከቪዲዮዎቹ የተማረው አንድ ቁም ነገር ቢኖር ይኸ ነው፤ ጠመንጃ እንዴት እንደሚፈታ። ውስጡን አየ። ጥይቱን የሚመታው መርፌ የለም። መርፌው በነበረበት ቀዳዳ ተርብ የጭቃ ቤት ሠርቶ፣ ቤቱም አርጅቶ፣ ተርቡ ራሱ ለቆት ሄዷል።

«ባሻ፣ መርፌው የታለ?»

ባሻ ጋቢያቸውን አራገፉ። «ወድቆ ይሆናላ።»

«መቼ?»

«አባቴ በሕይወት እያሉ ነው» አሉ ሳያስቡት፤ ወዲያው ግን ከንፈራቸውን ነከሱ።

ምሥጋናው ዞሮ አያቸው። «ነብሩን የገደሉት ትሕትና በተወለደችበት ዓመት ነው አይሉም እንዴ? አባትዎ ያኔ ከሞቱ ስንት ዓመታቸው!»

ባሻ አራጋው ወደ ነአኩቶ ለአብ አቅጣጫ ተመለከቱ፤ ከዚያ የመጣ ረዳት ግን አልነበረም። «ቆዳው እውነተኛ ነው» አሉ።

«ከየት የመጣ?»

«ከወገል ጤና ከተማ፣ ከገበያ።»

«ሻጩ ነዋ የገደለው።»

«እሱም አልገደለው። ገደል ገብቶ ሞቶ ነው ያገኘሁት አለኝ።»

ምሥጋናው ሊስቅ ፈለገ፤ ግን አንድ እግሩ ባዶ መሆኑን አየና ተወው። ያን ሁሉ ዓመት በየበዓሉ አንገቱን ሲያስደፋው የኖረው ሞቶ የተገኘ ነብር ነው! ሊጮህባቸው አፉን ከፈተ። በዚህ መሐል የየኔሰው ኮቴ ተሰማ።

«ስማ» አሉ ባሻ በችኮላ፣ ክንዱን ጨብጠው። አማቻቸው ከሆነ ጀምሮ እንዲህ ቀርበውት አያውቁም። «አንተ ስለ መርፌው ዝም። እኔ ስለ ሩጫው ዝም።»

ምሥጋናው አፉን ገጠመ።

የኔሰው ከቋጥኙ ዞሮ መጣ። የወደቀውን ጫማ በእጁ ይዟል። ባሻ ቀድመው ተነሡና ድምፃቸውን አጎረነኑ። «ጥይቱ እርጥበት ገብቶት ነው» አሉ። «እንጂማ አልቆ ነበር።»

«እርጥበት» አለ ምሥጋናውም። «እርጥበት ክፉ ነው።»

የኔሰው ሁለቱንም አያቸው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ዝናብ ካቆመ ሰንብቷል። «ይሁን» አለና ጫማውን ከምሥጋናው እግር ሥር አኖረ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ደክማችኋል። ሌላ ቀን ግን እንዳትቸገሩ።»

መንደሩ ከዚያ በኋላ አዳኝ አልፈለገም። ገብሱን ሳይደርስ፣ ግማሹን እሸት እንደሆነ አጨዱት። ያ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ዝንጀሮዎቹ የድፎ ዳቦ ጣዕም አውቀዋልና ከረጢት ያነገተ ሰው ባዩ ቁጥር ከገደል መውረድ ለመዱ። በዚያ በኩል የሚያልፍ ስንቱ ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ ስንቁን ተነጥቆ፣ ሳያስበው ጾመኛ ሆኖ ገባ።

ኅዳር ሚካኤል ባሻ አራጋው ድግስ ደገሱ። ምሥጋናው እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ሊቀመጥ ሲል፣ «ኧረ ወዲህ! ወደ ላይ!» ብለው ከጎናቸው አስቀመጡት። እንግዳው ጠግቦ ጠላው ሲደጋገም ባሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አማቼን ታዩታላችሁ?» አሉ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው። «መንጋ ዝንጀሮ እንደ ጎርፍ ሲወርድ ፊት ለፊት ቆመ! ዓይኑን አላርገበገበም!»

«እሳቸው ነበሩ የሚያዙት» አለ ምሥጋናው አንገቱን ሰበር አድርጎ። «እኔ ምን አውቄ።»

እንግዳው አደነቀ። ትሕትና የሞቀ ቅቅል ይዛ መጣች። በዚያ ሳምንት ገበያ ላይ ከየኔሰው ሚስት ጋር ጎን ለጎን ቆማ ሽንኩርት ገዝታለች፤ ሽንኩርቱን ለመግዛት የፈጀባት ጊዜ ግን ረጅም ነበር። ሳህኑን በሁለቱ መካከል አኖረችና ጨዋ በሆነ ድምፅ ጠየቀች።

«አባዬ፣ አውራው ዝንጀሮ መጨረሻው ምን ሆነ?»

«ገደል ገባ» አሉ ባሻ።

«ሸሸ» አለ ምሥጋናው፣ በአንድ ጊዜ።

እንግዶቹ ባሻን አዩ፤ ምሥጋናውን አዩ። ትሕትና ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። አንዱ ሳል ሳለ። በመጨረሻ ከጎረቤት የመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ሳህኑ እየሰደዱ፣ «ሲሸሽ ገደል ገባ ማለታቸው ነዋ» አሉ።

«አዎ፣ እንደሱ ነው እንጂ!» አለ ሌላው ወዲያው።

«ታዲያስ!» አለ ሦስተኛው። ቅቅሉ ሳይቀዘቅዝ ሁሉም ጎንበስ ብለው መብላት ጀመሩ።